ኦጋዴን፣ ጋምቤላ፣ ደቡብ ኦሞ ወይስ ዓባይ? ገና ያልተገኘ ነዳጅን በምድሩ ታሪክ የመመዘኛ መመሪያ

ለአንድ የፍለጋ ጉድጓድ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረን የት እንቆፍር? ኦጋዴን? ጋምቤላ? ደቡብ ኦሞ? ወይስ ማንም በቅጡ ያልነካው ዓባይ? አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሊበላ ይችላል። መጨረሻው ላይ "ደረቅ ነው" ከተባለ ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ምርጫው ከቁፋሮው በፊት፣ ድንጋዩ ያለፈበትን ታሪክ በማንበብ መሠራት አለበት።

ይህን የጻፍኩት ለጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ የዘርፉን ዜና ለሚከታተሉ እና "ነዳጅ ላይ ኢንቨስት አድርጉ" ለሚባሉ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤዚን የምለው ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አሸዋ፣ ጭቃና ኖራ እየተደራረበ የሞላውን የምድር ስምጥ ነው።

የሚባለው ቁጥር የምን ቁጥር ነው?

ቤዚኖችን ከማወዳደራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። የተገኘ ክምችት አንድ ነገር ነው፤ ገና ያልተገኘ ሀብት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጋዙ ወይም ዘይቱ ተለክቶ የተነገረ ነው። ሁለተኛው በጂኦሎጂ ላይ የቆመ ግምት ነው። የኦጋዴኑ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ከመጀመሪያው ወገን ነው። "ጋምቤላ ውስጥ ይህን ያህል በርሜል አለ" የሚል ወሬ ግን፣ ቢበዛ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ አይቻልም። እውነቱን ለመናገር፣ ሕዝቡን በከንቱ ተስፋ ላይ የሚጥለው አብዛኛው ዜና ስህተቱ እዚህ ጋ ነው።

ግምት ደግሞ ይለዋወጣል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ2002 በአላስካ ብሔራዊ የነዳጅ መጠባበቂያ ምድር ውስጥ 10.6 ቢሊዮን በርሜል ያልተገኘ ዘይት ይኖራል ብሎ ገመተ። ኩባንያዎች ገብተው ቆፈሩ። ዘይት ይገኝበታል በተባለው ምድር በአጭር ርቀት ውስጥ ጋዝ እየበዛ ሄደ። በ2010 ግምቱ ወደ 896 ሚሊዮን በርሜል ወረደ፤ ከአስር እጅ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በአካባቢው ቀድሞ ትኩረት ባልተሰጠው የድንጋይ ንብርብር ውስጥ ትልልቅ ግኝቶች መጡ። በ2017 ናኑሹክ እና ቶሮክ ለተባሉት ንብርብሮች ብቻ፣ አጎራባች መሬቶችን ጨምሮ፣ 8.7 ቢሊዮን በርሜል ተገመተ። የጥናቶቹ ወሰን ልክ አንድ ባይሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ ምድሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ስለ ምድሩ ያለን እውቀት ነው።

ለዚህ ነው ጥሩ ግምት አንድ ቁጥር ብቻ የማይሆነው። ሰርቬዩ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ቢያንስ ይህን ያህል የመኖር ዕድሉ 95 በመቶ የሆነ ነው። ሁለተኛው ዕድሉ 50 በመቶ የሆነ ነው፤ ሦስተኛው 5 በመቶ ዕድል ብቻ ያለው ትልቁ ቁጥር ነው። ትልቁን ብቻ ነጥሎ የሚነግራችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ። ሦስቱ ቁጥሮች እጅግ የተራራቁ ከሆነ ደግሞ ምድሩ ገና አልተጠናም ማለት ነው።

መመዘኛው፦ አምስት ጥያቄዎች፣ አንዱም ሊጎድል የማይችል

ነዳጅ እንዲከማች አምስት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት። መጀመሪያ አመንጪ አለት ያስፈልጋል። ይህ በባሕር ወይም በሐይቅ ወለል ላይ፣ ኦክስጅን ባነሰበት፣ ከአልጌና ከመሰል ሕያዋን ቅሪት ጋር የተቀበረ ጥቁር የጭቃ አለት ነው። እሱም መብሰል አለበት። በግምት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ዘይት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ጋዝ ይሆናል። እንጀራ በምጣድ እንደሚጋገር አስቡት፤ እሳቱ ካነሰ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ከበዛ ያርራል።

ቀጥሎ ማከማቻ አለት አለ፤ ቀዳዳ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ወይም የኖራ ድንጋይ። በላዩ የማያሳልፍ ክዳን፣ ማለትም የጭቃ አለት፣ ጨው ወይም ጂፕሰም ይኖራል። አራተኛው ወጥመድ ነው፤ የታጠፈ ወይም በስንጥቅ የተቆረጠ ንብርብር። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ጊዜ። ወጥመዱ ነዳጁ ከመፍለሱ በፊት መሠራት አለበት። ከተዘጋጀ ወጥመድ በፊት የፈለሰ ዘይት ወደ ላይ ወጥቶ ጠፍቷል።

እነዚህ ዕድሎች አይደመሩም፤ ይባዛሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ ለአመንጪው 0.8፣ ለማከማቻው 0.7፣ ለክዳኑ 0.6፣ ለወጥመዱ 0.8፣ ለጊዜው 0.7 ብንሰጥ ውጤቱ 19 በመቶ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ይመስላል። አንድ ላይ ግን ከአምስት ጉድጓድ አራቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቤዚንን በጠንካራ ጎኑ አትመዝኑት። ደካማው ጎኑ የቱ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አንዳንዱ ጉድለት የአንድ ጉድጓድ ነው፤ ወጥመዱ ቢያፈስ ከጎኑ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጉድለት ግን የቤዚኑ ሁሉ ነው። አመንጪ አለት ከሌለ መቶ ጉድጓድ ቢቆፈርም ለውጥ የለውም። "ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ" ሲባል የትኛው ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ካልተነገረ፣ ከዜናው ምንም መደምደም አይቻልም።

ኦጋዴን፦ ጋዙ የተረጋገጠ፣ ዘይቱ አጠያያቂ

ከአራቱ በስፋትም በመረጃም ኦጋዴን ይቀድማል። ስፋቱ 350 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ በሆነው ክፍሉ ደለሉ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ታሪኩ የሚጀምረው አፍሪካ፣ ማዳጋስካርና ህንድ ገና አንድ ምድር በነበሩበት ዘመን ነው። ምድሩ መሰንጠቅ ሲጀምር በስንጥቆቹ ውስጥ የካሉብ አሸዋ ድንጋይ ተከማቸ። በላዩ ቦክ የተባለው የጭቃ አለት ተነጠፈ። ከዚያ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ መጣ። በጁራሲክ ዘመን (ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ደግሞ ባሕር ገባ፤ የሃማንሌይ ኖራ ድንጋይንና የኡራንዳብን ጭቃ አለት ትቶ ሄደ።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉት፣ ምክንያቱም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ቦክ አመንጪም ክዳንም ነው። ከሥሩ ያለው የካሉብ አሸዋ ድንጋይ ማከማቻ ነው። ነገር ግን ቦክ በጣም ጥልቅ ተቀብሯል፤ ስለዚህ ዘይት የሚሰጥበትን ሙቀት አልፎ ጋዝ ሰጥቷል። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 የካሉብን፣ በ1974 የሂላላን የጋዝ መስክ ያገኘው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፍረው የካሉብን ጋዝ አጸኑት። አምስቱም ጥያቄ እዚህ መልስ አግኝቷል። ስለዚህ በኦጋዴን ያልተገኘ ጋዝ ገና አለ ማለት ድፍረት አይደለም። ተመሳሳይ ወጥመዶች በሙሉ አልተፈተሹም።

ዘይቱ ሌላ ታሪክ ነው። ሂላላ ላይ በሃማንሌይ ኖራ ድንጋይ ውስጥ ዘይት ታይቷል። ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2018 ሰኔ ላይ የሙከራ ድፍድፍ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ጥያቄው በብዛት ይኖራል ወይ ነው። ለዘይት ዋናው ተስፋ ኡራንዳብ ነው። ጥቁርና በቅሪት የበለጸገ አለት ነው፤ ግን በብዙ ቦታ በቂ ጥልቀት ላይ ስላልተቀበረ መብሰሉ ያጠራጥራል። በየመን ማሪብ ላይ በ1984 የተገኘው አሊፍ የተባለው የዘይት መስክ ምንጩ የዚሁ የጁራሲክ ዘመን ማድቢ የተባለው አለት ነው። ይህን እያነሱ "ኦጋዴንም እንደ የመን ነው" የሚሉ አሉ። ዘመኑ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ማሪብ ግን ጠባብና ጥልቅ ስምጥ ውስጥ ነው፤ አመንጪው አለት በደንብ ተቀብሮ በስሏል። ሊነጻጸር የሚገባው የአለቱ ዕድሜ ሳይሆን የአቀባበሩ ጥልቀት ነው።

ኦጋዴን ሌላም ያስተምረናል። ካሉብ ከተገኘ በኋላ ጋዙ ሳይነካ 50 ዓመት አለፈው። ኩባንያዎች መጡ፣ ሄዱ። የፖሊ ጂሲኤል ፈቃድ በ2022 ተሰረዘ። በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ክምችቱን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ብሎ አረጋገጠ። በ2025 ጥቅምት ላይ ጋዙን ወደ ፈሳሽ ለውጦ የሚያመርተው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያዘገየው ድንጋዩ አይደለም። ወደ ጅቡቲ የታሰበው ቧንቧ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘይት በቦቴም ቢሆን ይጓዛል፤ ጋዝ ግን ቧንቧ ወይም ወደ ፈሳሽ መለወጫ ፋብሪካ ካልተሠራለት ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ቤዚን ስታወዳድሩ "ምን ይወጣል?" የሚለውን "ስንት ይወጣል?" ከሚለው አስቀድሙ።

ደቡብ ኦሞ፦ የጎረቤት ግኝት እስከ ምን ድረስ ያስተማምናል?

በ2012 መጋቢት ወር ታሎ ኦይል የተባለ ኩባንያ ኬንያ ውስጥ በሎኪቻር ቤዚን ንጋሚያ-1 በተባለ ጉድጓድ ዘይት አገኘ። ከዚያ በፊት በ2006 ኡጋንዳ በአልበርት ሐይቅ ዳር አግኝታ ነበር። ሁለቱም በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ላይ ናቸው። ያው ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ቀጥሎ ወደ ኦሞና ወደ ጨው ባሕር ይገባል። ስለዚህ "ቀጣዩ ኢትዮጵያ ነው" ተባለ። ያኔ ነገሩ ምክንያታዊ ነበር።

በ2013 በደቡብ ኦሞ ሳቢሳ-1 የተባለ ጉድጓድ ተቆፈረ። የአሸዋ ንብርብር፣ ወፍራም የጭቃ ክዳን፣ የዘይትና የጋዝ ምልክትም ታየ። ለንግድ የሚሆን ግን አልተገኘም። ቱልቱሌ-1 ተከተለ። በ2014 በጨው ባሕር በኩል ሺመላ-1 እና ጋርዲም-1 ተቆፈሩ። የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አለት አገኙ፤ ዘይት አላገኙም። አራት ጉድጓድ፣ ዜሮ ግኝት።

ለምን? የስምጥ ሸለቆ ቤዚኖች እንደ ባሕር ቤዚን የተያያዙ አይደሉም። እያንዳንዱ በአንድ ወገን በትልቅ ስንጥቅ የተቆረጠ፣ ለብቻው የሰመጠ ጎድጓዳ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሐይቅ ነበረው። አንዱ ሐይቅ ጥልቅና ወለሉ ኦክስጅን የሌለው ሆኖ ጥሩ አመንጪ አለት ሊያስቀምጥ ይችላል። 50 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ሐይቅ ደግሞ ጥልቀት አንሶት ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ሞልቶት ምንም አላስቀመጠም። ኬንያ ውስጥ ራሱ ያየነው ይህንኑ ነው። ሎኪቻር ላይ በተከታታይ ዘይት ሲገኝ፣ በአጎራባች ቤዚኖች የተቆፈሩት ለገበያ የሚበቃ ነገር አላወጡም። በሎኪቻር ዘይት እንደሚፈልቅ ሼል በ1992 በቆፈረው ሎፔሮት-1 ጉድጓድ ታይቶ ነበር፤ ታሎ የገባው ምልክት ወዳለበት ምድር ነው። ጨው ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ቀዳሚ ምልክት አልነበረም።

ስለዚህ አራቱን ጉድጓድ በአንድ ላይ "ኦሞ አይሆንም" ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ሳቢሳ እና ጨው ባሕር ሁለት የተለያዩ ምድሮች ናቸው። ሳቢሳ አመንጪው እንደሚሠራ አሳይቷል፤ የጎደለው ወጥመዱ ወይም ዘይቱ የፈለሰበት አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። ጨው ባሕር ላይ ግን ጥርጣሬው ራሱ አመንጪው ላይ ነው። የመጀመሪያው እንደገና መታየት ይገባዋል። ሁለተኛውን እኔ ብሆን አሁን አልነካውም።

ጋምቤላ፦ ጥሩ ሠፈር፣ ጥቂት መረጃ

ጋምቤላ ትንሽ ነው፤ 17,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ተስፋው ከምዕራብ ጎረቤቱ ይመጣል። በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ያለው የሜሉት ቤዚን በ2003 ፓሎግ የተባለ ትልቅ የዘይት መስክ ሰጥቷል። ከእሱ ወደ ምዕራብ ያለው ሙግላድ በ1980 እና በ1982 ዩኒቲንና ሄግሊግን አስገኝቷል። ሁለቱም ከጁራሲክ ቀጥሎ በመጣው በክሪቴሺየስ ዘመን የተከፈቱ ስምጦች ናቸው፤ አመንጪያቸው የሐይቅ ጭቃ ነው። የጋምቤላ ቤዚን የዚህ ሥርዓት ምሥራቃዊ ጫፍ ተደርጎ ይታያል።

ችግሩ ጫፍ መሆኑ ነው። ስምጥ ወደ ጫፉ ሲሄድ ደለሉ ይሳሳል። ደለሉ ከሳሳ ደግሞ አመንጪው አይበስልም። የማሌዥያው ኩባንያ ፔትሮናስ በ2006 የቆፈረው ጅካዎ-1 ደረቅ ሆኗል። አንድ ጉድጓድ አንድን ቤዚን አይገድልም፤ አንድ ጉድጓድ ግን ሁለተኛውን ለመቆፈር በቂ ምክንያትም አይሆንም። እዚህ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ሳይዝሚክ ጥናት፣ ማለትም ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የውስጡን ምስል ወደ ማንሳት ነው፤ ደለሉ ከሁሉ ይልቅ የሚወፍረው የት ጋ እንደሆነ መጀመሪያ ይታወቅ። ከሜሉት ጋር የሚያያዝ ዘይት ራሱ ፈልሶ መጥቶ ከሆነም መንገዱ በዚሁ ይታያል።

ዓባይ፦ ባዛልቱ ሥር ምን አለ?

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በመኪና የሄደ ሰው ቤዚኑን በዓይኑ አይቷል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት (ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ አለት)፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙና ጭቃው፣ ወደ ታች ቀዩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ማከማቻም ክዳንም አለ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ በወረ ኢሉ አካባቢ ደግሞ ዘይት ከምድር ሲንጠባጠብ ይታያል። ይህ ከመጻሕፍት ሁሉ ይበልጣል፤ ከሥር የሆነ አለት ዘይት አመንጭቷል።

ግን ይኸው ምልክት ወደ ሌላ ወገንም ይናገራል። የሚንጠባጠብ ዘይት ከወጥመድ ያመለጠ ዘይት ነው። ዓባይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ቆርጦ ወርዷል፤ ንብርብሮቹን ከፍቷቸዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ብዙ መቶ ሜትር ይወፍራል። የሳይዝሚክ ሞገድ በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ይበታተናል፤ ከሥሩ ያለው ምስል ይደበዝዛል። 63 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ቤዚን እስከዛሬ በቅጡ ያልተፈተሸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የመቀሌው ቤዚን ተመሳሳይ ድንጋዮች ቢኖሩትም 8 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ንብርብሩም ወደ ላይ ወጥቶ ተገልጧል። ለጥናት ድንቅ ቦታ ነው፤ ለቁፋሮ ግን ከዝርዝሬ መጨረሻ ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

መልሱ በምትፈልጉት ነገር ይወሰናል። ዓላማችሁ በአጭር ጊዜ ተጨማሪ ጋዝ ከሆነ ኦጋዴን ተወዳዳሪ የለውም። በካሉብና በሂላላ ዙሪያ ያሉ ያልተፈተሹ ወጥመዶች ከአራቱ ቤዚኖች ዝቅተኛው ስጋት ያለባቸው ናቸው። ያቺ የአንድ ጉድጓድ ገንዘብ በእጄ ብትሆን እዚያው አወጣታለሁ።

አዲስ ዘይት ከሆነ የምትፈልጉት፣ የሳቢሳን አካባቢ ከጋምቤላ አስቀድማለሁ። በጋምቤላ ያለው ተስፋ ከጎረቤት የተበደረ ነው፤ በሳቢሳ ያለው ምልክት ከራሱ ጉድጓድ የወጣ ነው። ይህን ሚዛን የማይቀበሉ ባለሙያዎች ይኖራሉ። ሜሉት ውስጥ የተረጋገጠው ዘይት በብዛቱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ትንሽ ዕድልም ቢሆን ትልቅ ሽልማት አለው ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሽልማቱ ሲበዛ ዝቅተኛ ዕድል መቀበል ይቻላል። ጋምቤላ ላይ ግን የሽልማቱን መጠን የሚያሳይ መረጃ ገና በእጃችን የለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ምክሬ አንድ ነው፦ ዓባይ። እዚያ ትልቁ እውቀት በትንሹ ገንዘብ ይገኛል። ከሸለቆው ግድግዳ የጭቃ አለቱን ናሙና መውሰድ፣ የቅሪቱን መጠንና የመብሰሉን ደረጃ ላቦራቶሪ ውስጥ መለካት፣ ከዚያ የወረ ኢሉን ዘይት ኬሚካዊ አሻራ ከእነዚያ ናሙናዎች ጋር ማመሳከር። አሻራው ከአንዱ ንብርብር ጋር ከገጠመ፣ በባዛልቱ ሥር የቱ አመንጪ እንደሚሠራ በእርግጠኝነት እናውቃለን። ከዚያ በኋላ የመሬት ስበትና የኤሌክትሮማግኔቲክ ልኬት ባዛልቱ የሚሳሳበትን ቦታ ሊያሳዩ ይችላሉ።

የደረቁትን ጉድጓዶች ሪፖርትም ጠይቁ። ለቤዚን ምዘና ከተሳካ ጉድጓድ እኩል ዋጋ ያለው የከሸፈ ጉድጓድ ነው፤ የከሸፈበት ምክንያት ከታወቀ ማለት ነው። ከጅካዎ-1 እና ከጋርዲም-1 የወጣው የድንጋይ ስብርባሪ ናሙናና የልኬት መዝገብ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ክፍት ቢደረግ፣ ከላይ የሰጠኋቸው ሚዛኖች ግማሾቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻሻሉ ነበር። አንዳንዶቹ ምናልባት ይገለበጡ ነበር።